ከዕቁብ መዝገብ እስከ ስልክ ገንዘብ፤ የባለገንዘብ ምሥጢር ጥበቃ አጭር ታሪክ

ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል የሚገኝ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሥር ያለ ሰፈር ነው። በመንገዱ ዳር ካሉት ሱቆች በብዙዎቹ በር ላይ የቴሌብር፣ የኤም-ፔሳ ወይም የባንክ ወኪልነት ምልክት ተለጥፎ ይታያል። ስኳርና ዘይት የሚሸጠው ባለሱቅ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ይቀበላል፣ ገንዘብ ይከፍላል፣ ለማያውቀውም ሰው ስልክ እያስተካከለ ያስልካል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣንበት ምክንያት በእንዲህ ያለ ሱቅ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ ያየነው ነገር ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ገጠር ላለች እኅታቸው ገንዘብ ሊልኩ መጥተው ስልካቸውን ለሱቁ ልጅ ሰጡት። «ልጄ፣ ዐይኔ አያይልኝም፤ አንተው ምታልኝ» ብለው የምሥጢር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ይነግሩት ጀመር። ልጁም፣ «እማማ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ ሰው ይሰማል» ቢላቸው፣ «ምን አለኝና ነው? ሁሉም የሰፈሬ ልጅ አይደለም ወይ?» ብለው መለሱለት። እኛ ግን የሰፈሩ ልጆች አልነበርንም። ሱቁ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ሁላችንም ቁጥሩን ሰማን።

ከሱቁ ከወጣን በኋላ እርስ በርሳችን የተጠያየቅነው ይህ ነበር፦ የእኒህን እናት ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ማን ነው? ራሳቸው ናቸው ወይስ ባለሱቁ? ኩባንያው ነው ወይስ መንግሥት? በየትኛውስ ሕግ? ይህን ለመመለስ የዛሬውን ሕግ ብቻ ማየት አይበቃም። ቀድሞ የሰው ገንዘብ ምሥጢር እንዴት ይጠበቅ እንደ ነበረ፣ ጥበቃውም ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ መመርመር ያስፈልጋል።

ሀ) ዕቁብና መዝገቡ

ባንክ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት፣ ከገባም በኋላ ለብዙው ሕዝብ፣ ገንዘብ የሚጠራቀመው በዕቁብ ነው። የዕቁብ አሠራር ለአንባብያን እንግዳ ስላልሆነ ለነገራችን የሚያስፈልገውን ብቻ እናነሣለን። ዕቁብተኞች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ዳኛው ሥርዐት ያስከብራል፤ ጸሐፊው መዝገብ ይይዛል።

በቀራንዮ ለብዙ ዘመን የዕቁብ ዳኛ የነበሩ አንድ አባት ስለ መዝገቡ ጠይቀናቸው ሲያስረዱን ከቃላቸው አራት ነገር ተረድተናል። አንደኛ፣ የሚጽፈው ሰው ማን እንደ ሆነ አባል ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛ፣ የተጻፈውን «አንብብልኝ» የሚል አባል ቢነሣ ጸሐፊው እንቢ ማለት አይችልም። ሦስተኛ፣ ከስምና ከክፍያ፣ ከዕጣና ከዋስ በቀር በመዝገቡ ሌላ ነገር አይጻፍም። አራተኛ፣ ዙሩ አልቆ ሁሉም ድርሻውን ሲያገኝ የመዝገቡም ሥራ አብሮ ያልቃል። እንግዲህ የዕቁብ መዝገብ ለውስጥ ሰው ገሃድ፣ ለውጭ ሰው ምሥጢር ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ስንል ዕቁብ ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። ገንዘብ ይዞ የሚጠፋ ሰው አለ። በአባላት መካከል የሚነገረውም ነገር ወደ ጎረቤት ይወጣል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና። ከዚህም በላይ ዕዳውን የማይከፍለውን ሰው ለማስገደድ ዕቁብ ከዋሱ ቀጥሎ የሚይዘው መሣሪያ ማሳፈር ነው። ይህ ማሳፈር ግን ወሰን ነበረው። የሚያሳፍሩት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው፤ እርሱም በፊታቸው ቆሞ ምክንያቱን ሊናገር ይችላል፤ ዕዳውን የከፈለ ዕለትም ነገሩ ይረሳል። ይህን ነጥብ ኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

ለ) ባንክና የባንክ ምሥጢር

የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተከፈተ። ይህም ባንክ በአዋጅ ቁጥር 206/1955 መሠረት ለሁለት ተከፍሎ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሆነ።

በዚህ ዘመን የባለሒሳብ ምሥጢር የሚጠበቀው በሁለት ነገር ነበር። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ዝምታ ነው። ሒሳቡ በወፍራም መዝገብ በእጅ የሚጻፍና በካዝና የሚቆለፍ ስለ ነበረ፣ የመዝገቡን ቁልፍ የያዘው ሰው ዝም ካለ ምሥጢሩ ተጠበቀ ማለት ነው። ሁለተኛው ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሰዎች መብት በሚናገርበት ክፍል፣ አንድ ሰው በሙያው ምክንያት በአደራ የተነገረውን ምሥጢር እንዲያወጣ እንዳይገደድ በቁጥር 24 ደንግጓል። በቁጥር 27 ደግሞ የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በቁጥር 31 የደብዳቤን ምሥጢር ያስከብራል። እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉት ኮምፒዩተር በአገራችን ባልታወቀበት ጊዜ ቢሆንም፣ ወደ ፊት እንደምንመለከተው ዋጋቸው አላለፈም።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮች ሁሉ የመንግሥት ንብረት ሆኑ። በአዋጅ ቁጥር 84/1986 ደግሞ ለግል ባንኮች በር ተከፈተ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ማንም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ ከደብዳቤ ጋር በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረገውን ግንኙነት ጭምር በስም ጠቅሷል። ከዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ መብቱ ተጽፎ ሳለ ኩባንያው የደንበኛውን መረጃ እንዴት መሰብሰብ፣ እስከ መቼ ማኖር፣ ለማን መስጠት እንዳለበት የሚዘረዝር ሕግ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ አለመውጣቱ ነው። በመብቱና በዝርዝሩ መካከል 29 ዓመት አለፈ። የስልክ ገንዘብ የተወለደውና ያደገው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሐ) የስልክ ገንዘብ

የክፍያ ሥርዐት ሕግ የወጣው በአዋጅ ቁጥር 718/2003 ነው። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ በሞባይልና በወኪል ስለሚሰጥ የባንክ አገልግሎት መመሪያ አወጣ። ባለሱቅ የባንክ ወኪል ሊሆን የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ኤም-ብር፣ ሄሎካሽ፣ ሲቢኢ ብር፣ አሞሌ የተባሉት አገልግሎቶች በየጊዜው ተከታትለው መጡ። ይሁን እንጂ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ገንዘቡን በስሙ መያዝ የሚችለው ባንክ ወይም የአነስተኛ ብድር ተቋም ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆነ ድርጅትም ፈቃድ አግኝቶ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ እንዲያወጣ ተፈቀደ። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የክፍያ ሥርዐቱ አዋጅ ተሻሽሎ ለውጭ ባለሀብት በር ሲከፈት፣ ሳፋሪኮም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳን አስገባ። በ2016 ዓ.ም. በጀት ዓመት መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ያስታወቀው የቴሌብር ደንበኞች ቁጥር ከ47 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ይህ ለውጥ ከገንዘቡ ይልቅ የመዝገቡን ጠባይ የለወጠ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ለዚህ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ቴሌብር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች ጀመረ። ተበዳሪው ቤት ወይም መኪና ማስያዝ አያስፈልገውም፤ የብድሩ መጠን የሚወሰነው በአገልግሎቱ ላይ ባለው የአጠቃቀም ታሪክ ነው። በዕቁብ ጊዜ ዋስ የሚሆነው ሰው ነበረ፤ አሁን ዋስ የሚሆነው ስለ ሰውዬው የተጠራቀመው መረጃ ነው። ይህ ለድኻው ትልቅ በር እንደ ከፈተ መካድ አይገባም። በቀራንዮ ሱቅ ያላት፣ ነገር ግን የሚያዝ ንብረት የሌላት ሴት ከባንክ በር ተመልሳ የምታውቀውን ብድር በስልኳ ታገኛለች። ነገር ግን ዋሱን አታየውም፤ ምን ብሎ እንደ መሰከረላት ወይም እንደ መሰከረባት አትሰማም። የዕቁቡ መዝገብ ለባለቤቱ ገሃድ፣ ለባዕድ ምሥጢር ነበረ። የዛሬው መዝገብ ጥንቃቄ ካልተደረገ ለባለቤቱ ምሥጢር፣ ለባዕድ ገሃድ ሊሆን ይችላል።

ይህ ስጋት ከንቱ አለመሆኑን የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ያስረዳል። በኬንያ ኤም-ፔሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ የመረጃ ጥበቃ ሕግ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በመካከሉ በስልክ የሚያበድሩ ብዙ ድርጅቶች ተነሡ። ከነዚህም አንዳንዶቹ ተበዳሪው በቀኑ ሳይከፍል ሲቀር በስልኩ ውስጥ ስማቸው ወዳለው ዘመዶቹና አለቆቹ መልእክት እየላኩ ያዋርዱት ነበር። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር እንዲህ ያሉትን አበዳሪዎች መቅጣት የቻለው ሕጉ ከወጣ በኋላ ነው።

በአገራችን ከመረጃ ጥበቃ ሕግ ቀድሞ የመጣው የመረጃ ደኅንነት ሕግ ነው። ሁለቱ ስማቸው ቢቀራረብም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሰውዬውን መብት ይጠብቃል፤ ሁለተኛው መሣሪያውንና መረቡን ከአጥቂ ይጠብቃል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደ ገና ተደራጀ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን፣ መልእክት መጥለፍን፣ በኮምፒዩተር ማታለልንና የሰውን ማንነት መስረቅን በወንጀልነት ደነገገ። አዋጁ በወጣበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016፣ የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ኒው ዮርክ ካስቀመጠው ሒሳብ ላይ 81 ሚሊዮን ዶላር በኮምፒዩተር ተሰርቆ ስለ ነበረ፣ የደኅንነት ሕግ አስፈላጊነት የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን ይኸው አዋጅ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያኖሩ ያስገድዳል። የደኅንነት ሕግ «አኑር» ሲል የመብት ሕግ «ሥራው ሲያልቅ አጥፋ» ይላል። ይህን ልዩነት ማስታረቅ ገና የሚቀር ሥራ ነው።

መ) የመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጉዳይ

አሁን የምናነሣው ነገር ለእኛ ለተማሪዎች በተለይ የሚቀርብ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዐት ላይ በደረሰ ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ብሔራዊ ባንክ ምክንያቱ የሥርዐት ጥገናና ፍተሻ እንጂ የውጭ ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ። ባንኩ ያለ አግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ገንዘቡን ካወጡት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ በማስታወቂያ መከሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ተመለሰ። ያልመለሱትን ከ500 በላይ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ግን ባንኩ ይፋ አወጣ።

ስለ ገንዘቡ የምንከራከረው ነገር የለም። የራስ ያልሆነ ገንዘብ የራስ አይሆንም፤ የመለሱት ደግ አደረጉ፤ ያልመለሱትን በሕግ መጠየቅ የባንኩ መብት ነው። የባንኩ ገንዘብም የአስቀማጮች ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ባንኩ ለማስመለስ መፍጠኑ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም። የምንጠይቀው ስለ ፎቶግራፉ ነው። ያ ፎቶግራፍና ስም ደንበኞቹ ሒሳብ ሲከፍቱ ለባንኩ የሰጡት ነበር። የሰጡት እንዲታወቁበት ነው እንጂ እንዲለጠፉበት አልነበረም።

ከላይ የጠቀስነው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 እዚህ ላይ ይመጣል። የሕጉ ተከታይ ቁጥር 28 ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍን ማሳየት የሚቻልባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ የፍርድ ወይም የፖሊስ ሥራ አስፈላጊነትን ከነዚሁ ይቆጥራል። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ይሆናል፦ ገንዘቡን የሚጠይቀው ባንክ ራሱ ያወጣው ማስታወቂያ የፍርድ ወይም የፖሊስ ሥራ ነውን? በእኛ አስተያየት ፍርድ ቤት ወይም ፖሊስ አዝዞ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከቁጥር 28 ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ባለገንዘቡ በራሱ ሥልጣን ሲያደርገው ግን ከሳሹም ፈራጁም አንድ መሆኑ ነው። የሕግ መምህራን ከዚህ የተለየ አስተያየት ቢኖራቸው በዚሁ መጽሔት እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።

ይህ የማሳፈር ዘዴ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በክፍል ሀ ያየነው የዕቁብ ዘዴ ነው። ነገር ግን ወሰኑ ፈርሷል። በዕቁብ ያሳፈሩት የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ፤ እዚህ የሚያየው የማያውቀው አገር ሁሉ ነው። በዕቁብ ቆሞ መልስ መስጠት ይቻል ነበር፤ ለተለጠፈ ፎቶግራፍ መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለም። በዕቁብ የከፈለ ሰው ይረሳለታል፤ በኢንተርኔት የተሰራጨ ፎቶግራፍ ግን ገንዘቡ ከተመለሰም በኋላ ይኖራል። የ20 ዓመት ተማሪ አንድ ሌሊት የሠራው ስሕተት የ40 ዓመት ሰው ሆኖ ሥራ ሲጠይቅ ሊቀድመው ይችላል።

ሠ) አዋጅ ቁጥር 1321/2016

የሚያስደንቀው፣ ይህ ነገር ገና ሳይበርድ፣ መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን ማጽደቁ ነው። አዋጁ በሐምሌ ወር በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ከተዘጋጀ ብዙ ጊዜ የሆነው ሕግ ስለ ሆነ አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው አንልም፤ ነገር ግን የሕጉን አስፈላጊነት ከዚያ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

በዚህ አዋጅ መሠረት መረጃ የሚሰበሰበው ለተገለጸ ዓላማ ነው፤ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ አይሰበሰብም፤ ዓላማው ሲያበቃ አይቀመጥም። ባለመረጃው ስለ እርሱ የተያዘውን የማወቅ፣ ስሕተቱን የማሳረም፣ በሕግ በተፈቀደ ጊዜም የማስሰረዝ መብት አለው። መረጃ ሾልኮ የወጣበት ድርጅት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ72 ሰዓት ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ከቀራንዮው ዳኛ የሰማናቸውን አራት ነገሮች ከነዚህ ጋር ያስተያየ አንባቢ፣ ሕጉ ከውጭ የመጣ ቢመስልም ሐሳቡ ለሕዝባችን እንግዳ አለመሆኑን ይገነዘባል።

ሆኖም ሁለት ችግር ይታየናል። አንደኛው ስለ ተቆጣጣሪው ነው። አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የስልክ ገንዘብ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ስለ ጥቃት መከላከል የሚጠየቀው ደግሞ የመረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። በቀራንዮ ሱቅ ምሥጢሩ የወጣበት ሰው ከሦስቱ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ካላወቀ፣ ሦስት ጠባቂ ያለው ንብረት ጠባቂ እንደሌለው ይሆናል።

ሁለተኛው ስለ መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራን፣ የዐይን ብሌንንና የፊት ምስልን ይይዛል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኗል። በሌላ ሰው ስም ሒሳብ መክፈትን ስለሚያስቀር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን የተሰረቀ የምሥጢር ቁጥር በአንድ ደቂቃ ይለወጣል፤ የተሰረቀ የጣት አሻራ ግን አይለወጥም። ስለዚህ ይህን መረጃ የሚነካ ኩባንያ ሁሉ ጥንቃቄው ከቀድሞው ባንክ የበለጠ ሊሆን ይገባል።

ረ) ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ የባለገንዘብ ምሥጢር ጥበቃ በሦስት ደረጃ አልፏል። በዕቁብ ዘመን ጠባቂው መተዋወቅ ነበር። በባንክ ዘመን ጠባቂው የሠራተኛ ዝምታ ነበር። በስልክ ዘመን ሠራተኛው ዝም ቢልም መሣሪያው ዝም ስለማይል፣ ጠባቂው ኩባንያውን መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ መሆን አለበት። ሕጉ ወጥቷል። የሚቀረው ሕጉ እስከ ሱቁ ጠረጴዛ ድረስ መውረዱ ነው። ወኪል የሚሆን ባለሱቅ ስለ ምሥጢር አያያዝ ሊማር፣ የደንበኞችን ስምና ስልክ የሚጽፍበት ደብተር እንደ ሰው ገንዘብ ሊቆጠር፣ አቤቱታ የሚቀበለውም መሥሪያ ቤት አንድ በር ሊኖረው ይገባል።

በዚያን ቀን ከሱቁ ስንወጣ እኒያን እናት ተከትለን፣ «እማማ፣ ቁጥርዎን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ይለውጡት» አልናቸው። እርሳቸውም መረቁንና፣ «እሺ ልጆቼ፣ እለውጣለሁ፤ ግን አዲሱንስ ማን ይመታልኛል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ሕግ አውጪዎችም፣ ኩባንያዎችም፣ ሕግና ኮምፒዩተር የምንማር እኛም ለዚህ ጥያቄ መልስ እስክናገኝ ድረስ የተጻፈው መብት ለእርሳቸው ወረቀት ብቻ ሆኖ ይኖራል። አንባብያን በዚህ ጽሑፍ የተሳሳትነው ነገር ቢያገኙ እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።